«ከኔ ነው» የሚባልበት ፑል ቤት

አያ ይመር መሞቱን የሰማሁት የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነው። ከኩልመስክ የመጣ ሹፌር ሱሪውን ቆሞ እየጠበቀ ስልክ ያወራ ነበር። በመሃል፣ «ያ ድሮ ላሊበላ ፑል ቤት የነበረው፣ አንካሳው ይመር፣ አዎ እሱ፣ ትናንት ቀበርነው» አለ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ስልኩን እስኪዘጋ አላስቻለኝም፤ «ማን አልክ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ታውቂዋለሽ እንዴ? ነፍሱን ይማረው፤ ረጋ ያለ፣ ሰውን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነበር» አለኝ።

ረጋ ያለ! እናንተዬ፣ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣብኝ። እኔ የማውቀው ይመር የፑል መምቻ ስቲክ ገዝቶ ወር አያቆየውም፤ በሰው ጀርባ ላይ ይሰብረዋል። ሹፌሩ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ያንን ሌላ ሰው ማን እንደሠራው ደግሞ እኔ አውቃለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬም ቢሆን የማወራው ለዚህ ነው፤ እስከ ዛሬ ያፈንኩት ይበቃኛል።

የኔን ልብስ ስፌትና የሱን ፑል ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነበር። ጠዋት በሬን ስከፍት ኳስ ከኳስ ሲላተም እሰማለሁ፤ ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ጥፊ። ቱሪስት ከከተማው ከጠፋ ወዲህ አስጎብኚ የነበረው፣ ሆቴል ይሠራ የነበረው ሁሉ ሥራ ፈትቶ እዚያ ነበር የሚውለው። መብራት ለወራት ሲጠፋ ወፍጮው ቆመ፣ ብየዳ ቤቱ ቆመ፤ በእግር የምትረገጠው የኔ የስፌት መኪናና የአያ ይመር ፑል ግን ሥራ አላቆሙም።

መልኩን ብታዩት ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። አጭር ነው፤ አንገቱ ብቻ የበሬ አንገት ነው። ከውትድርና ይዞት የመጣውን ቆብ ከራሱ አያወርድም። አንድ ቀን ታላቄ ነውና «እንደምን አደሩ» ስለው ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ፤ «አንቱታውን ለመምሬ አድርጊው፤ እኔን አያ ካልሽኝ ይበቃል» አለኝ።

አዲስ ሰው ሲመጣ ስቲክ ከመስጠቱ በፊት ሕጉን ይነግረዋል። እኔ በቆርቆሮው በኩል ስንት ጊዜ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። «አሥራ አምስት ኳስ አለ፤ ነጯ ለብቻዋ ናት። ከአንድ እስከ ሰባት ሙሉ ቀለም፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ባለ መስመር። መጀመሪያ ያስገባሃት ኳስ ከየትኛው ወገን ከሆነች አንተም የዚያ ወገን ነህ፤ እስከ መጨረሻው አትቀይርም። በነጯ መጀመሪያ የራስህን ነው የምትነካው፤ የሰው ከነካህ ፋውል። ነጯ ቀዳዳ ከገባች ፋውል፤ ባላጋራህ አንስቶ የፈለገው ቦታ ያስቀምጣታል። ሁለቱም እግርህ ከመሬት ከተነሣ ፋውል። እጅህ፣ እጅጌህ፣ ጋቢህ ኳስ ከነካ ፋውል። ስምንት ቁጥር፣ ጥቁሯ፣ የመጨረሻ ናት፤ የራስህን ሳትጨርስ ካስገባሃት ተሸንፈሃል። ስትመታትም የምትገባበትን ቀዳዳ በስቲክህ አሳይተህ ነው፤ ሌላ ቀዳዳ ከገባችም ተሸንፈሃል።»

ይኼን የትም ፑል ቤት ይሉታል። የሱ ቤት ሕግ ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጣቱን ሰውዬው አፍንጫ ሥር አድርጎ፣ «ስታጠፋ ማንም ሳይናገር ራስህ ‹ከኔ ነው› ትላለህ። ያጠፋ አይመታም። የደበቀ ነው የሚመታው» ይላል።

ይመታል ካለ ይመታል! አንድ ከሙጃ የመጣ ነጋዴ ትዝ ይለኛል፤ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው። ነጯን ቀዳዳ ውስጥ ከተታት፤ ባላጋራው ስቲኩን ጠመኔ ሲቀባ አየና ቶሎ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። አያ ይመር በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሣና ቆቡን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። ቆቡን ሲሰቅል የሚያውቁት ሁሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ።

«ነጯ ገብታ ነበር?» አለ።

«አልገባችም።»

«ገብታ ነበር?»

«አልገባችም አልኩህ!»

«ገብታ ነበር?»

ሦስቴ ነው የሚጠይቀው። ነጋዴው ለሦስተኛ ጊዜ ሲክድ አያ ይመር ስቲኩን ቀጭን ጫፉ ላይ ይዞ በወፍራሙ በኩል ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ስቲኩ ለሁለት ተሰበረ፤ በቀረው ጉማጅ ደግሞ ጉልበቱን አለው። ያ ሁሉ ቁመት መሬት ላይ ተዘረጋ። ምላሱን ነክሶ ኖሮ አፉ ደም በደም ሆነ። «ከኔ ነው! ከኔ ነው!» እያለ ይንደባለላል። አያ ይመር ቆቡን መልሶ ደፋ፤ ውሃ አምጥቶ በገዛ እጁ የሰውዬውን አፍ አጠበው። «ይኼውልህ፣ አንዲት ቃል ነበረች» አለው።

እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ዘልዬ ገባሁ። «አንተ አውሬ! ለአንዲት ኳስ ሰው ይገደላል?»

«ለኳስ አልመታሁትም» አለኝ፣ የስቲኩን ስንጥር ከወለሉ እየለቀመ። «ወታደር ሳለሁ አንድ ልጅ ጥበቃ ላይ እንቅልፍ ጣለውና ሰው ሾልኮ አለፈው። ሲነቃ አወቀ፤ ግን አፈረና ዝም አለ። ረፋዱ ላይ ከጀርባችን ተኩስ ተከፈተብን። ዘጠኝ ሰው አለቀ፤ ግማሹን ፊቱን አይተን መለየት አልቻልንም። ልጁ አንጀቱን በሁለት እጁ ይዞ ‹ተኝቼ ነበር› ብሎ ለኔ ነገረኝ። ያቺን ቃል ጠዋት ብሏት ቢሆን!» መቀሴን ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ለራሱም አያዝንም። አንድ ቀን ከጎረቤታችን ከአናጢው ጋር ሲጫወት ጥቁሯን አስገብቶ አሸነፈ። ሰው አጨበጨበ። እሱ ግን ስቲኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከኔ ነው» አለ። «ቅድም የኮቴ እጅጌ ኳስ ነክቷል። አውቄ ነው ዝም ያልኩ።» ቆቡን ሰቀለና ስቲኩን ለአናጢው ሰጠው። «ምታኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! አያ፣ ተው እንጂ!»

«ምታ ብዬሃለሁ!»

አናጢው ትከሻውን ነካ አደረገው። አያ ይመር በጥፊ አላሰው፤ «ይኼ ምት ነው? እኔ አንተን እንዲህ ነው የምመታህ?» ብሎ። አናጢው ደሙ ፈላ፤ ስቲኩን አንሥቶ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ለቀቀበት። የአንገቱ ሥር አጥንት ቀው ሲል እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። ሁለት ወር ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከረመ፤ ማንጠልጠያውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አናጢውን ክፉ ሲናገረው አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ፈራሁትም፣ አከበርኩትም።

ነገሬ ወደዚህ ነው። የጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ተቀደደ፤ አንድ ሰካራም በስቲክ ወግቶት ነው። በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ከወልድያ አዲስ ጨርቅ ማምጣት አይታሰብም። አያ ይመር መጥቶ «ስፊልኝ» አለኝ። ከሥር ስስ እራፊ አስገብቼ፣ ጠርዙን ገጥሜ፣ በከሰል ካውያ ተኮስኩት። በሥራዬ ኮርቼ «እስቲ ስፌቱን አግኘው!» አልኩት። መዳፉን አሳለፈበትና፣ «እዚች ጋ ጉብ ብላለች» አለ።

«ወዲያ! ጉብ ያለውስ የአንተ መዳፍ ነው!» አልኩት።

እኔን እኮ በሥራዬ የነካኝ ሰው አይቀናውም። አያ ይመርም ያን ቀን ሳቀና ተወው። ተወው!

ሰጠኝ የሚባል የብልባላ ልጅ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ሰላምተኛ፣ ሲያወራ መሬት የሚያይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባቄላ በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ሸጦ ሲጨርስ አህዮቹን ደጃፌ ላይ ያስርና አንድ ጨዋታ ይጫወታል። ያን ቅዳሜ ካሱ ከሚባል ሥራ ፈት አስጎብኚ ጋር ገጠመ። እኔ የአያ ይመርን የጠቀምኩለትን ሱሪ ይዤ ስገባ ሰጠኝ የራሱን ሁሉ ጨርሶ ጥቁሯ ብቻ ቀርታው ነበር። የማዕዘኑን ቀዳዳ በስቲኩ አሳየ። ለመምታት ጎንበስ ሲል፣ ገና ነጯን ሳይነካ፣ ጥቁሯ የጣት ያህል ተንከባለለች።

«ነካት!» አለ ካሱ። «እጅጌው ነካት!»

«አልነካሁም» አለ ሰጠኝ።

አያ ይመር ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ አላየም። ዞረ። ቆቡን ሰቀለ።

«ነክተሃታል?»

«አልነካኋትም፣ አያ።»

«ነክተሃታል?»

«አልነካኋትም።»

እኔ ጥቁሯ የነበረችበትን ቦታ አየሁት። የኔ ስፌት ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ኳሷን ያንከባለላት ያቺ ጉብታ መሆኗ ወዲያው ነው የመጣልኝ። ግን ያን ሁሉ ወንድ ፊት «ስፌቴ ነው» ልበል? ሱሪውን ደግሜ አጠፍኩት።

«ነክተሃታል?»

«ቅዱስ ላሊበላን አልነካኋትም!»

ይኼ ነው የባሰው። አያ ይመር በላሊበላ ከተማ፣ በላሊበላ ስም በሐሰት ማለ ብሎ አሰበ። ስቲኩ ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ። አናቱ ላይ ሲያርፍ የሚፈነከት ዱባ ድምፅ ነበረው። ሰጠኝ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ ተንበረከከ፤ በጆሮው በኩል ቀጭን ደም ወረደ። ሌላ ሰው ቢሆን «ከኔ ነው» ይል ነበር። እሱ ተነሣ፤ ፈገግ አለ እንጂ! «ቢመቱኝም አልነካሁም» አለ። ፊቱን ታጠበ፣ አህዮቹን ፈታ፣ ሄደ። አያ ይመር ያን ቀን ቆቡን ከምስማሩ ሳያወርድ ዋለ።

ያን ዕለት በብልባላ መንገድ ተኩስ ነበር። ከባዱ መሣሪያ እኛ ድረስ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ሰኞ ዕለት ወሬ መጣ፦ ሰጠኝ መንገድ ዳር ወድቆ ተገኝቷል፣ አህዮቹ አጠገቡ ቆመዋል፣ ፍንዳታ ያስፈነጠረው ድንጋይ አናቱን መትቶት ሞቷል። ቀበሩት። ካሱም፣ ሌሎቹም ያንን ወሬ እፎይ ብለው ተቀበሉ፤ ማንም ስለ ስቲኩ አላነሣም።

እኔ ግን በጆሮው በኩል የወረደው ደም ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ማክሰኞ ሰው ሳይመጣ ፑል ቤቱ ገብቼ ጥቁሯን ስፌቱ ላይ አስቀመጥኳት። ቆመች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ትንሽ ቆይታ፣ ማንም ሳይነካት፣ የጣት ያህል ተንከባለለች። እንደገና አስቀመጥኳት፤ እንደገና ተንከባለለች። ቀና ስል አያ ይመር ከኋላዬ ቆሟል።

«ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ቆቡን አውልቆ ሰቀለ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ፤ ይገለኛል አልኩ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አየሁት።

«ስንቴ ጠየቅኩት?» አለኝ።

«ሦስቴ።»

«ሦስቴም እውነቱን ነገረኝ» አለ። ከዚያ ግንባሩን ከጠረጴዛው እግር ጋር ያጋጨው ጀመር፤ ደም እስኪወርደው። ይዤ ለመንኩት። «አያ፣ ዝም እንበል፤ ፍንዳታ ነው ብለዋል፤ ማንም አያውቅም። ካልሆነም ወጉን ጠብቅ፤ አንተ ተሸሸግ፣ ሽማግሌና ቄስ ይሂዱ፣ ደሙ በእርቅ ይድረቅ» አልኩት። በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው እርቅ እስኪወርድ ከሟቹ ወገን ፊት አይቆምም። ከቆመ ይሞታል።

«ሽማግሌ እስኪማከር ድረስ ልጁ ዋሾ እንደተባለ ይቆያል» አለኝ። «በላሊበላ ስም በሐሰት ማለ ተብሎ ነው የሞተ። ያንን ስም ነው መጀመሪያ የማነሣለት። አንቺ ኳሷን አይተሻል፤ መጥተሽ ትመሰክሪያለሽ።»

ሰጠኝ በተቀበረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ለፍታቱ ሰው በተሰበሰበበት፣ ብልባላ ገባን። አያ ይመር ከለቅሶው ግቢ አጥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አደረገ፤ አንገቱን ሰብሮ ገባና ሕዝቡ መሃል ተንበረከከ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባ ሰው በድሎ ይቅርታ የሚለምን መሆኑን ማን ያጣዋል? የሰጠኝ አባት አባ ፈንታ ድንኳኑ ሥር ከቄሶቹ ጋር ነበሩ። የሰጠኝ ሁለት ወንድሞች ከኋላቸው ቆመዋል።

«ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ አያ ይመር። «ፍንዳታ አይደለም። ኳስ ነክተሃል ብዬ በስቲክ አናቱን መታሁት። አልነካም። ጨርቁ ጉብ ብሎ ነው ኳሷ የተንከባለለችው። ይህቺ ጎረቤቴ በዓይኗ አይታለች። ሰጠኝ አልዋሸም፤ በሐሰትም አልማለም። ሁላችሁም ስሙልኝ።»

«እውነት ነው፤ አይቻለሁ» አልኩ።

እናቱ ጮኹ። ታላቅ ወንድሙ ዱላውን እየጎተተ መጣና፣ «ያን ጨርቅ ማን ነው የሰፋው?» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። የሰፋውን ሰው እዚያው ሊቆራርጠው ነው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«እኔ» አለ አያ ይመር።

የመጀመሪያው ዱላ ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ አወረደው። ሁለተኛው ትከሻውን፣ ሦስተኛው ጎኑን። ታናሽየው ደግሞ በወደቀበት ወገቡን ይቀጠቅጠው ጀመር። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው። እጁን አንሥቶ እንኳ አልመከተም። መሬቱን ነከሰ። አንዲት ቃል ነበረች እኮ፤ እኔ ዘንድ ነበረች! አልወጣ አለች።

«በሕግ አምላክ!» አሉ አባ ፈንታ።

ይኼ ቃል በተጠራበት ቃታ የሳበም ጣቱን ይመልሳል። ሁለቱ ልጆች ዱላቸውን እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ። አባ ፈንታ በልጆቻቸው መሃል አልፈው መጡ። «ልጄ አለመዋሸቱን ሕዝብ ፊት ተናግረሃል፤ እሱን ሰምቻለሁ። አሁን ከዓይኔ ጥፋ» አሉት። ማን ሊጠፋ? መቆም አልቻለም። የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ አወጣው።

መንገድ ላይ ጆሮው አጠገብ ሆኜ እያለቀስኩ፣ «አያ፣ ለምን ዋሸህልኝ?» አልኩት።

«አልዋሸሁም» አለኝ፣ ደም እየተፋ። «ጉብ ማለቷን እጄ ነግሮኝ ነበር። እያወቅኩ ሰው ያጫወትኩባት እኔ ነኝ።»

የተሰበረው ዳሌው አልተጠገነም። ፑሉን ሸጦ ኩልመስክ እህቱ ዘንድ ገባ። «እጠይቀዋለሁ» እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ ውሸቴን ነው፣ ፊቱን ማየት አቅቶኝ ነው። ሹፌሩ ያን ወሬ ነግሮኝ ሱሪውን ይዞ ሲሄድ ቤቴን ዘጋሁ። በማግስቱ ብልባላ ሄድኩ።

አባ ፈንታ ደጃፋቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። አርጅተዋል። ልጆቻቸው ከታች ማሳው ላይ ነበሩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አባ፣ ይመር ሞተ። ያን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ ሲመታም ስፌቴ መሆኑን ጠርጥሬ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ከኔ ነው። ልጆችዎን ይጥሯቸውና ይምቱኝ።»

መጥረቢያቸው ቆመ። ወደ ማሳው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ማንም አይወቅ» አሉ። «ያን ሰውዬ ከሰበሩት ወዲህ ትልቁ ዱላ መያዝ ትቷል፤ ትንሹ በእንቅልፉ እንኳ ከእጁ አይለየውም። አሁን ደግሞ ያላጠፋበትን ነገር ጨምረን ነው የመታነው ይበሉ? ወይስ አንቺንም ሰብረው፣ እኔ ለሁለቱ እስር ቤት ደጅ ስንቅ ላመላልስ?»

«አባ፣ እንዲህማ አይሆንም! ቢያንስ እርስዎ ይምቱኝ!»

«ተነሺ» አሉኝ። «ላንቺ እንዲቀልሽ ብዬ ልጆቼን አልሰጥሽም። ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

ባለቤታቸው ነገሩን ሳያውቁ ቆሎ አቀረቡልኝ፤ ከሩቅ የመጣሁ እንግዳ መሰልኳቸው። አንድ ጭብጥ ዘግኜ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ትልቁ ልጅ ከማሳው ሲመለስ በር ላይ ተገናኘን፤ አላወቀኝም። ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋልሽ፣ እታለም» አለኝና መንገድ ለቀቀልኝ። እስከ ላሊበላ በእግሬ መጣሁ። ማንም አልመታኝም።